የሾክ አብዞርበር ታሪክና ከፍ የተደረገው ፒካፕ

በስደት ኑሯችን ውስጥ ፒካፕ መኪና የመዝናኛ ዕቃ መሆኑ ቀርቶ የእንጀራ መሣሪያ ከሆነ ቆይቷል። የቤት ቀለምና ጥገና የሚሠራው፣ የጽዳት ሥራ የሚኮናተረው፣ ለምግብ ቤቶች ዕቃ የሚያመላልሰው ወገናችን ሁሉ አቅሙ የሚፈቅድለትን ያገለገለ ፒካፕ ፈልጎ ይገዛል። በአሜሪካ የአሮጌ መኪና ገበያ ደግሞ ብዙ ፒካፖች ከፋብሪካ ሲወጡ ከነበራቸው ቁመት 2፣ 4፣ አልፎ አልፎም 6 ኢንች ከፍ ተደርገው፣ ትልልቅ ጎማም ተገጥሞላቸው ይገኛሉ። የፊተኛው ባለቤት ለአደን ወይም ለጭቃ መንገድ፣ አንዳንዴም ለግርማ ሞገስ ብሎ ያሠራው ነው። መኪናው በእጃችን ከገባ በኋላ ጥቂት ወራት ሳይቆይ አንድ ጥያቄ ይመጣል፤ «ሾክ አብዞርበሩ አልቋል፤ የትኛውን ልግዛ?»

ለዚህ ጥያቄ ቡና ላይ የሚሰጠው ምክር ብዙ ነው። አንዱ «ውዱን ግዛ» ይላል፤ ሌላው «ረጅሙን» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ጠንካራውን ካልገዛህ አትድከም» ብሎ ይደመድማል። ሦስቱም ቅን ልብ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ይሁን እንጂ «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ ይህ ዕቃ ከየት እንደመጣና ምን እንዲሠራ ታስቦ እንደተፈጠረ ሳያውቁ መምረጥ አስቸጋሪ ነው። በመለዋወጫ መደብሩ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን የተደረደሩት የተለያዩ ሾክ አብዞርበሮች፣ እያንዳንዳቸው በአንድ ዘመን የተነሣ የአንድ ችግር መልስ ናቸው። የራስን ችግር ሳይለዩ የሌላውን መልስ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ከፍ በተደረገ መኪና ላይ ሲሆን ደግሞ ሕይወትን ለአደጋ ማጋለጥም ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ታሪኩን፣ ቀጥሎም ታሪኩ ለገዢው የሚያስተምረውን ለማቅረብ እሞክራለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልኝ እጠይቃለሁ።

ስሙ የሚያሳስተው ዕቃ

ብዙውን ስሕተት የሚያመጣው ስሙ ነው። «ሾክ አብዞርበር» ሲባል ከመንገድ የሚመጣውን ምት የሚቀበል ዕቃ ይመስላል። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ምቱን የሚቀበለው ባሌስትራው ወይም ሞላው ነው። የመኪናውንም ክብደት የሚሸከመው እሱው ነው። የሾክ አብዞርበሩ ሥራ ሞላውን ማስታገስ ነው። እንግሊዞች «ዳምፐር» ብለው የሚጠሩት ለዚህ ነው፤ የሚያበርድ፣ የሚያረግብ ለማለት ነው። በእኛም አገር ጋራዥ ውስጥ «ባሌስትራ» እና «ሞላ» የሚሉት ቃላት ከጣልያንኛ፣ «ሾክ አብዞርበር» ደግሞ ከእንግሊዝኛ የተወረሱ ናቸው። ከሦስቱ ስሞች ሥራውን በትክክል የማይናገረው የመጨረሻው ነው።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳስተምር በየዓመቱ በሰሌዳ ላይ ከምጽፋቸው ሕጎች አንዱ እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ1678 ያሳተመው የሞላ ሕግ ነበር። ሞላ በተሳበ ወይም በተጨመቀ መጠን የመመለሻ ኃይሉም በዚያው ልክ ይጨምራል ይላል። ሞላ ታማኝ ተበዳሪ ነው ማለት ይቻላል፤ የወሰደውን ይመልሳል። ጎማው ጉብታ ሲመታ ሞላው ኃይሉን ይወስዳል፣ ወዲያውም መልሶ ይሰጣል፤ መኪናው ወደ ላይ ይነሣል፣ ተመልሶ ይወርዳል፣ እንደገና ይነሣል። ይህን መመላለስ የሚገታ ነገር ከሌለ ጎማው መንገዱን እየለቀቀ ይዘላል። መንገድ የለቀቀ ጎማ ደግሞ ፍሬን አይዝም፣ መሪም አይታዘዝም። ሾክ አብዞርበር የዚህን መመላለስ ኃይል ወደ ሙቀት ለውጦ ለአየር ይሰጣል። ለረጅም ጊዜ መጥፎ መንገድ ላይ የተነዳ መኪና ሾክ ሲነካ የሚያቃጥለው ለዚህ ነው።

ከሠረገላ የተጀመረ ጉዞ

የታሪኩ መነሻ ፈረስ የሚጎትተው ሠረገላ ነው። በ1804 ኦባዳያ ኤልየት የተባለ እንግሊዛዊ በሠረገላ ላይ የሚገጠም፣ ተደራራቢ ብረቶች በሞላላ ቅርጽ የተገናኙበት ባሌስትራ ፈጥሮ የባለቤትነት መብት አገኘ። ባሌስትራ አንድ የተሰወረ ጸጋ አለው፤ ቅጠሎቹ እርስ በርስ ስለሚፋተጉ ሰበቃው ራሱ ንዝረቱን በጥቂቱ ያበርዳል። በፈረስ ፍጥነት ለሚሄድ ሠረገላ ይህ በቂ ነበር። ዛሬ በሾክ አብዞርበር ስሙ የታወቀው የሆላንዱ ኮኒ በ1857 ሲቋቋም የሠረገላ ዕቃ ይሠራ የነበረ ድርጅት ነው፤ የመጀመሪያውን የመኪና ሾክ የሠራው በ1932 ነበር። ከሠረገላው እስከ ሾኩ 75 ዓመት አለፈ ማለት ነው።

ችግሩ የተነሣው ሞተር ሲመጣ ነው። ፍጥነት ሲጨምር የባሌስትራው ሰበቃ አልበቃ አለ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ትሩፎ የተባለ ፈረንሳዊ ለእሽቅድምድም ብስክሌት በሰበቃ የሚሠራ ማብረጃ ፈጠረ፤ አሜሪካዊው ኤድዋርድ ሃርትፎርድ ይህን ወስዶ በ20ኛው ምዕተ ዓመት መግቢያ ላይ ለመኪና እንዲሆን አድርጎ «ትሩፎ ሃርትፎርድ» በሚል ስም አወጣው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ እንደ መቀስ የሚከፈቱና የሚዘጉ ሁለት ክንዶች መጋጠሚያቸው ላይ ሳህን መሰል ክቦች ተጣብቀው እየተፋተጉ እንቅስቃሴውን ይይዛሉ። በኦሃዮ ክሊቭላንድ ደግሞ ክሎድ ፎስተር የገብርኤልን «ስናበር» ሠራ፤ ይህም ሞላው ተመልሶ ሲፈናጠር በጥምጥም ቀበቶ የሚይዝ ነበር።

የሰበቃ ማብረጃ ግን አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረው። ለትንሹም ለትልቁም ምት የሚሰጠው መልስ ተመሳሳይ ነው። ለትልቁ ጉድጓድ ሲጠብቁት ለትንሿ ጠጠር ግትር ይሆናል፤ ለትንሿ ሲያላሉት ትልቁን አይችልም። ከ1908 እስከ 1927 ከ15 ሚሊዮን በላይ የተመረተው የፎርድ ሞዴል ቲ ከፋብሪካ ሲወጣ ሾክ አብዞርበር የሚባል ነገር አልነበረውም፤ የፈለገ ባለቤት ከገበያ ገዝቶ ያስገጥም ነበር።

ዘይት የሰጠው መልስ

የተሻለው መልስ ከዘይት መጣ። ፈረንሳዊው ሞሪስ ሁዳይ በምዕተ ዓመቱ የመጀመሪያ ዓመታት በዘይት በተሞላ ክብ ቤት ውስጥ ክንፍ መሰል ብረት የሚዞርበት ማብረጃ አዘጋጀ። ክንፉ ሲዞር ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ እንዲያልፍ ይገደዳል። እዚህ ላይ የዘይት ብልኃት ይታያል፤ ቀስ ብለው ሲገፉት በቀላሉ ያልፋል፣ በኃይልና በፍጥነት ሲገፉት ግን አብዝቶ ይቃወማል። ለትንሽ ምት ትንሽ፣ ለትልቅ ምት ትልቅ መልስ ይሰጣል ማለት ነው። ፎርድ ሞዴል ቲን ትቶ ሞዴል ኤን ሲያወጣ በአራቱም ጎማ ላይ የሁዳይን ሾክ ገጠመ። ስለዚህ ተራ ሠራተኛ የሚገዛው መኪና የዘይት ሾክ ይዞ መንገድ ላይ ወጣ።

በ1934 ጀኔራል ሞተርስ በመኪኖቹ ፊት ባሌስትራን ትቶ የተጠማዘዘ ሞላ ሲያስገባ ጉዳዩ ይበልጥ አስፈላጊ ሆነ። ሞላ እንደ ባሌስትራ የሚፋተጉ ቅጠሎች የሉትም፤ ራሱን የሚያበርድበት መንገድ የለውም። መኪናው ምቹ በሆነ መጠን ጥሩ ሾክ አብዞርበር ያስፈልገው ጀመር።

ዛሬ የምናውቀው ቀጥ ያለ የቱቦ ቅርጽ የተስፋፋውም በዚያው በ1930ዎቹ ነው። እዚህ ላይ የሚጠቀሰው በሚሺጋን ክፍለ ግዛት የተመሠረተው ሞንሮ ነው። ይህ ድርጅት በ1916 ሥራ ሲጀምር የሚሠራው የጎማ መንፊያ ፓምፕ ነበር፤ ወደ ሾክ አብዞርበር የገባው በ1926 ነው። ነገሩ ብዙም አያስገርምም፤ ፓምፕም ሾክም በቱቦ ውስጥ የሚመላለስ ፒስተን ናቸውና። በጊዜው የተስፋፋው ዓይነት ሁለት ቱቦ ያለው ነው። በውስጠኛው ቱቦ ፒስተኑ በዘይት ውስጥ ይመላለሳል፤ ውጪኛው ደግሞ ትርፉን ዘይትና ጥቂት አየር ይይዛል። ዋጋው ርካሽ፣ ግልቢያው ለስላሳ ነው፤ ውጪኛው ቱቦ በድንጋይ ቢመታና ቢጎደጉድ እንኳ ፒስተኑ ውስጠኛው ቱቦ ውስጥ ስላለ ሥራውን ይቀጥላል።

የአረፋው ችግርና ናይትሮጅን

ይሁን እንጂ ዘይትና አየር በአንድ ዕቃ ውስጥ ሲናጡ ምን እንደሚሆን ወተት የናጠ ሁሉ ያውቃል። ሾኩ በፍጥነትና ለረጅም ጊዜ ሲሠራ ዘይቱ አረፋ ይይዛል። አረፋ በቀዳዳው ውስጥ ያለ ተቃውሞ ያልፋል፤ ሾኩም ለጊዜው እንደሌለ ይቆጠራል። ቆም ብሎ ሲበርድ ይመለስና ነጂውን ያታልለዋል።

ለዚህ መልስ የሰጠው ክርስቲያን ቡርሲየ ደ ካርቦን የተባለ ፈረንሳዊ ነው። በ1953 ድርጅቱን አቋቁሞ ያቀረበው አሠራር አንድ ቱቦ ብቻ ያለው ሲሆን፣ ዘይቱንና ጋዙን ተንሳፋፊ በሆነ ሁለተኛ ፒስተን ለያቸው። ጋዙ ናይትሮጅን ነው፤ በከፍተኛ ግፊት ስለሚታመቅ ዘይቱ አረፋ የሚይዝበት ዕድል አያገኝም። ይህን አሠራር ወደ ብዙኃን ምርት ያደረሰው በ1873 የመስኮት ማያያዣ በመሥራት የተጀመረው የጀርመኑ ቢልሽታይን ነው፤ በ1957 ለመርሴዲስ ቤንዝ መኪኖች ማቅረብ ጀመረ።

ባለ አንድ ቱቦው ሾክ ዘይቱ የውጪውን ግድግዳ በቀጥታ ስለሚነካ ሙቀቱን ቶሎ ያስወጣል። ነገር ግን እሱም ነቀፌታ አያጣም። ፒስተኑ የሚሄደው በዚያው በውጪው ቱቦ ውስጥ ስለሆነ ድንጋይ አንድ ጊዜ ካጎደጎደው ፒስተኑ ይያዛል። ዋጋውም ከፍ ይላል፤ ባዶውን ለሚሄድ መኪና ደግሞ ደረቅ ሊሆን ይችላል። በኋላ የሁለቱ መካከለኛ የሆነ፣ ባለ ሁለት ቱቦ ሆኖ ዝቅተኛ ግፊት ያለው ናይትሮጅን የተሞላበት ዓይነት መጣ፤ ዛሬ በመደብር በብዛት የሚገኘውም እሱ ነው።

ፒካፑ እንዴት ከፍ አለ?

እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ በአራቱም ጎማ የሚጎተት መኪና በገበያ ላይ ብርቅ ነበር። ጂፕ በጦርነቱ ከታወቀ በኋላ ዶጅ በ1946 «ፓወር ዋገን» የተባለውን አወጣ። ሼቭሮሌ በ1957፣ ፎርድ ደግሞ በ1959 ባለ አራት ጎማ ጎታች ፒካፕ ከራሳቸው ፋብሪካ ማውጣት ጀመሩ። በአራቱም ጎማ የሚጎተት መኪና ያለው ሰው ትልቅ ጎማ ማስገጠም ይፈልጋል፤ ትልቅ ጎማ ደግሞ ቦታ ይፈልጋል፤ ቦታ የሚገኘው መኪናውን ከፍ በማድረግ ነው። የነገሩ ሰንሰለት ይህ ነው።

በ1967 በሜክሲኮ ባሃ ካሊፎርኒያ ከቲኋና እስከ ላ ፓዝ የሚደርስ የበረሃ እሽቅድምድም ተጀመረ። በዚያ ውድድር ፒካፖችና ጂፖች ለሰዓታት በጉብታና በአሸዋ ላይ ሲበሩ የፋብሪካ ሾኮች በሙቀት አለቁ። ተወዳዳሪዎች ያገኙት የመጀመሪያ መፍትሔ ቁጥር መጨመር ነበር፤ ለአንድ ጎማ ሁለትና ከዚያም በላይ ሾክ ይገጥሙ ጀመር። ሥራውን ለብዙ ሾክ ሲያካፍሉት ሙቀቱም ይካፈላል። እየቆየ ግን ሌላ መንገድ ተገኘ፤ ይኸውም ወፍራም ቱቦ ያለው፣ ተጨማሪ ዘይትና ጋዝ የሚይዝ ሌላ ዕቃ በጎኑ ወይም በቧንቧ የተያያዘለት ሾክ ነው። በ1974 ቦብ ፎክስ ለሞተር ብስክሌት ውድድር በሾክ ሥራ ከጀመረ በኋላ ስሙ ከዚህ ዓይነት ዕቃ ጋር እየተያያዘ ሄደ።

በዚያው ዘመን በሚዙሪ ክፍለ ግዛት ቦብ ቻንድለር የተባለ ሰው የ1974 ፎርድ ፒካፑን እያሳደገ «ቢግፉት» የሚል ስም ሰጠው፤ በ1981 በአሮጌ መኪኖች ላይ እየወጣ ሲደፈጥጣቸው ታየ። ከዚያ ወዲህ ከፍ ያለ ፒካፕ የሥራ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን የመታያ ዕቃም ሆነ። ለአንድ ጎማ ሁለት ወይም አራት ሾክ በደማቅ ቀለም ቀብቶ መደርደርም ፋሽን ሆነ። በባሃ በረሃ የሙቀት መልስ የነበረው ነገር በከተማ ጌጥ ሆነ ማለት ነው። ለቀላል ፒካፕ አራት ሾክ ሲገጠም ሞላው መንቀሳቀስ ስለሚያቅተው ጎማው ጉድጓዱን አይከተልም፤ ይዘለዋል። ብዙ ሾክ ሁልጊዜ ጥሩ ሾክ ማለት አይደለም።

ከታሪኩ ወደ ገበያው

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለገዢው የሚተርፈው ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው፦ መኪናው ከፍ የተደረገው በምን መንገድ ነው? ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው በሻንሲውና በካቢኑ መካከል ድጋፍ በማስገባት ካቢኑን ብቻ ማንሣት ነው። በዚህ ጊዜ በሻንሲውና በአክስሉ መካከል ያለው ርቀት አልተለወጠም፤ ስለዚህ የፋብሪካው ርዝመት ያለው ሾክ በቂ ነው። «ከፍ ያለ ነውና ረጅም ግዛ» የሚለው ምክር እዚህ ላይ ስሕተት ነው። ሁለተኛው ሞላውን ወይም ባሌስትራውን በመለወጥ ሻንሲውን ራሱን ከአክስሉ ማራቅ ነው። ርዝመት የሚለወጠው እዚህ ነው። ቶዮታ በአሜሪካ የሚሸጠውን ባለ አራት ጎማ ጎታች ፒካፕ ከ1979 እስከ 1985 በፊት ወጥ አክስል አድርጎ ሲሠራ ቆይቶ በ1986 በቶርሽን ባር ለሚሠራ፣ ለየጎማው ራሱን ችሎ ለሚንቀሳቀስ አሠራር ለወጠው። የቶርሽን ባሩን ቡሎን በማጥበቅ ብቻ ፊቱ ከፍ ሲል አጠቃላይ እንቅስቃሴው አይጨምርም፤ ወደታች የሚቀረው ብቻ ያንሳል። ይህን ሳያውቁ ረጅም ሾክ መግጠም ትርፍ የለውም።

ሁለተኛው ጥያቄ ርዝመት ነው፤ ይህ በግምት ሳይሆን በሜትር የሚለካ ነው። ልኬቱ ሦስት ነው። መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ እንደ ወትሮው ቆሞ፣ ከሾኩ የላይኛው ማሰሪያ እስከ ታችኛው ያለው ርቀት አንድ። ሻንሲው ተነሥቶ ጎማው ሲንጠለጠል ያለው ረጅሙ ርቀት ሁለት። አክስሉ ሻንሲውን እንዳይመታ የተደረገውን የጎማ ማቆሚያ እስኪነካ ድረስ ሲጨመቅ ያለው አጭሩ ርቀት ሦስት። የሚገዛው ሾክ ሲዘጋ ከአጭሩ ርቀት ማጠር አለበት፤ ሲዘረጋ ደግሞ ከረጅሙ ርቀት ማነስ የለበትም። በዝግ ጊዜ ረጅም ከሆነ የጎማ ማቆሚያው ሳይሠራ ፒስተኑ የሾኩን መጨረሻ ይመታል፤ በዝርግ ጊዜ አጭር ከሆነ የተንጠለጠለውን አክስልና ጎማ ክብደት ተሸክሞ ማሰሪያው ይቀደዳል። የፍሬኑ የጎማ ቱቦም አብሮ ይለካ፤ ጎማው ሲንጠለጠል መወጠር የለበትም። ይህን ሥራ ራሱ የሚሞክር ሰው በክሪክ ብቻ በተደገፈ መኪና ሥር እንዳይገባ፤ ጠንካራ የብረት መቆሚያ ሳያደርግ አይጀምር።

አንድ ምሳሌ ላቅርብ። የፋብሪካው ሾክ ሲዘጋ 13፣ ሲዘረጋ 20 ኢንች ነው እንበል፤ መኪናው ሲቆም ደግሞ 17 ላይ ያርፋል። ወደታች 3 ኢንች አለው ማለት ነው። ይህ መኪና 2.5 ኢንች ከፍ ቢደረግና ሾኩ ቀጥ ብሎ የቆመ ቢሆን፣ ማረፊያው 19.5 ይሆናል፤ ወደታች የቀረው ግማሽ ኢንች ብቻ ነው። ጎማው ትንሽ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ሾኩ መጨረሻውን እየመታ ቀጭ ይላል። አንድ ንጣፍ የሚያነጥፍ የአገራችን ልጅ እንዲህ ያለ ፒካፕ ገዝቶ በየድልድዩ መገጣጠሚያ ላይ ኋላው ይዘልበት ነበር። መለዋወጫ የሸጠለት ሰው የመኪናውን ዓመተ ምሕረትና ዓይነት ብቻ ጠይቆ እጅግ ውድ የሆኑ ባለ አንድ ቱቦ ሾኮች በፋብሪካ ርዝመት ሰጠው። በሦስት ወር ውስጥ የላይኛው ማሰሪያ ከሻንሲው ተቀደደ። ዕቃው ጥሩ ነበር፤ የቀረው አንድ ጥያቄ ነው፤ «መኪናህ ስንት ኢንች ከፍ ብሏል?» የሚለው።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ መኪናው ምን ይሸከማል? የትስ ይውላል? ቀኑን ሙሉ በከተማ አስፋልት ላይ መሣሪያና ጥቂት ቆርቆሮ ቀለም ይዞ ለሚዞር ፒካፕ ጋዝ የተሞላ ባለ ሁለት ቱቦ ሾክ በቂ ነው። ከባድ ጎማና ቸርኬ የተገጠመለት ወይም ሁልጊዜ ጭነት የማይለየው ከሆነ፣ ጎማውን ይዞ ለማቆም የበለጠ ኃይል ስለሚያስፈልግ ለዚያ ቁመትና ክብደት የተዘጋጀ ባለ አንድ ቱቦ መምረጥ ያዋጣል። በጎኑ ተጨማሪ ዕቃ ያለው ሾክ ግን የበረሃና የረጅም ጠጠር መንገድ መልስ ነው። በጠጠር መንገድ ላይ እንደ ማዕበል ተደርድረው የሚመጡ ጉብታዎች ሾኩን ያለ ዕረፍት ስለሚያሠሩት ሙቀቱ ይከማቻል። እንዲህ ባለ መንገድ ለማይሄድ ሰው ያ ገንዘብ ለአዲስ ጎማ ቢውል ይሻላል።

አራተኛ፣ ኋላው በጭነት የሚሰግድ መኪና ያለው ሰው ጠንካራ ሾክ ቢገዛ አይነሣለትም። ቀደም ብለን እንዳየነው ክብደት የሚሸከመው ባሌስትራው ነው። አየር የሚሞላባቸው ልዩ ሾኮች ኋላውን ያነሣሉ፤ ይሁን እንጂ ክብደቱን የሚጥሉት ለዚያ ባልተሠራው የሾክ ማሰሪያ ላይ ስለሆነ ጥንቃቄ ይሻሉ። የደከመ ባሌስትራ የሚታከመው በባሌስትራ ነው።

በመጨረሻም ሾክ የሚለወጠው በአንድ አክስል ላይ ያሉት ሁለቱም በአንድ ጊዜ ነው። የማለቁ ምልክቶችም ግልጽ ናቸው፤ በቱቦው ላይ የሚወርድ ዘይት፣ የጎማ ጥርስ እዚህና እዚያ እየጎደጎደ መበላት፣ ፍሬን ሲያዝ አፍንጫው መስገድ፣ ጉብታ ካለፉ በኋላ መወዛወዙ ቶሎ አለመቆም።

ሾክ የማይመልሰው ጥያቄ

ከሁሉ የሚያሳስበው ደግሞ ይህ ነው። ብዙ ሰው አዲስ ሾክ ሲያስገጥም መኪናው ስለሚረጋ «አሁን አይገለበጥም» ብሎ ይተማመናል። በአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የመገልበጥ ዝንባሌን የሚመዝንበት ስሌት ቀላል ነው፤ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋት ለክብደት ማዕከሉ ቁመት እጥፍ ይካፈላል። ውጤቱ ከፍ ባለ መጠን መኪናው የተረጋጋ ነው። የቤት መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ ከ1.3 እስከ 1.5፣ ፒካፖችና መሰሎቻቸው ከ1.0 እስከ 1.3 ያገኛሉ። ለምሳሌ ያህል በጎማዎቹ መካከል 170 ሴንቲ ሜትር፣ የክብደት ማዕከሉ 75 ሴንቲ ሜትር ላይ የሆነ ፒካፕ 1.13 ያገኛል። የክብደት ማዕከሉ በ8 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል ወደ 1.02 ይወርዳል። ከ2012 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ በሚሸጡ ቀላል መኪኖች ሁሉ ላይ ግዴታ የሆነው መንሸራተትን የሚቆጣጠር ኤሌክትሮኒክ መሣሪያም የተስተካከለው ለፋብሪካው ቁመት ነው። በዚህ ስሌት ውስጥ ሾክ አብዞርበር የሚባል ቁጥር የለም። ጥሩ ሾክ ጎማውን ከመንገድ ጋር ያቆየዋል፤ የመኪናውን ቁመት ግን አይቀንስም። ከአውራ ጎዳና መውጫ ላይ በፍጥነት ለሚታጠፍ ሰው ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም።

እንግዲህ ከኤልየት ባሌስትራ እስከ ዛሬ ሁለት መቶ ዓመት አልፏል። ሃርትፎርድ ለፍጥነት፣ ሁዳይ ለትልቅና ለትንሽ ምት ልዩነት፣ ደ ካርቦን ለአረፋ፣ የባሃ ነጂዎች ለሙቀት መልስ ፈለጉ። አንዳቸውም ለሁሉም መኪና የሚሆን መልስ አላገኙም፤ አልፈለጉምም። በስደት አገር በላብ የተገኘ ገንዘብ ይዞ ወደ መለዋወጫ መደብር የሚገባ ወገንም ከሻጩ ምርጫ በፊት የራሱን ጥያቄ ይዞ ቢገባ ይጠቀማል። በምን መንገድ ከፍ አለ? ሲዘጋ ስንት፣ ሲዘረጋ ስንት? ምን ይሸከማል? የት ይውላል? እነዚህን በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከጠበቀው ባነሰ ዋጋ የሚበቃውን ይዞ ይወጣል። ልኬቱንም ያልጠየቀ ሻጭ ቢያጋጥመው ወረቀቱን አጥፎ ወደ ሚቀጥለው መደብር ቢሄድ አይቆጭም።

ቸር ይግጠመን።